ጋቢ የለበሰው ሸለምጥማጥና የድንቄ ድርጭቶች

በድሮ ዘመን ነው ልጆች፣ የእኔ አያት እንኳ ገና ሳይወለዱ። ቀረብ በሉ። ከኋላ የምታወሩትም ዝም በሉ፣ እኔ ሁለቴ አልናገርም።

በድሮ ዘመን ድንቄ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ብርቱ ናት፣ የዋህ ናት። ጓሮዋ በግ ቢታሰርበት መዞሪያ የሚያጣ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ድርጭት አረባች። ከማሳ የለቀመችውን ዥጉርጉር እንቁላል ከጎረቤት በተዋሰቻት ዶሮ አስታቀፈች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አውራ ጣት አያክሉም። የሸምበቆ ቤት ሠራችላቸው፣ ዳጉሳና ምስጥ አበላቻቸው፣ ጭድ ጎዘጎዘችላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሥጋ ለበሱ። እንስቶቹንና አንድ አውራ ለእርባታ አስቀረች፣ ሌሎቹን ሦስት አውራዎች ለሥጋ።

ይህን ሁሉ የለፋችው ለአንድ ልጇ ለውባንቺ ነው። ልጅቷን ንዳድ ለቀቃት እንጂ ጉልበቷን ይዞት ሄዷል፣ ከመደብ መነሳት አቃታት። አዋቂዎቹም «የሥጋ መረቅ ካልጠጣች አትድንም» አሉ።

አሁን ችግሩን ስሙ። በዚያ አገር ሴት አታርድም። ቢላዋዋን ይዛ ደጅ ትቆምና አላፊ ወንድ ትለምናለች። የመንደሩ ወንድ ደግሞ ቆላ ለአጨዳ ወርዷል። የቀሩት መምሬ ላቀው ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው።

ሸለምጥማጥ ይህን ሰማ። እሱ ተንኮለኛ ነው፣ ሆዳም ነው። ከአጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ ሰረቀና እስከ ዓይኑ ተከናንቦ በድንቄ ደጅ አለፈ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ይህን ድርጭት ይባርኩልኝ» አለችው።

«ምን ገዶኝ እቴ። ግን ሴት እያየችኝ አላርድም፣ ከአጥሩ ጀርባ ልውሰደው።»

ሰጠችው። ቆይቶ ባዶ እጁን መጣ። «አምልጦኝ በረረ» አለ። ውባንቺ ያን ቀን የጎመን ውሃ ጠጣች።

በማግስቱም አለፈ፣ በማግስቱም ሰጠችው። «ጭልፊት ከእጄ ነጠቀኝ» አለ። ከጋቢው ሾልኮ በወጣው ጢሙ ላይ ላባ ነበረ። ድንቄ አየችው፣ የጋቢው ክር መሰላት። አይ የዋህነት! ውባንቺ ያን ቀን ጎመኑንም እምቢ አለች።

በሦስተኛው ቀን ለሥጋ የቀረው አንድ አውራ ብቻ ነው። ድንቄ ግን ምን አለች መሰላችሁ? «ሁለት ቀን ሙሉ ለፍተውልኝ የእጅ ውሃ እንኳ አላቀረብኩም፣ ምን ዓይነት ነውር ነው» አለችና ውሃ ይዛ ጠበቀችው።

«ይታጠቡ ጌታዬ።»

«ግድ የለም፣ ንጹሕ ነኝ።»

«እኔ ልሙት፣ ይታጠቡ።»

«ተይ እቴ፣ እቸኩላለሁ።»

እሷ መች ትተዋለች፣ እጁን ሳብ አደረገች። ጥፍር ወጣ። ጋቢው ተንሸራተተ፣ ጅራት ወጣ። ሸለምጥማጥ ጋቢውን በእጇ ጥሎ ፈረጠጠ።

ድንቄ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች፣ ማንም የለም። ልጇ ከውስጥ ስታቃስት ሰማች። ተናደደች፣ አለቀሰች። ከዚያ በዚያው ውሃ እጇን ታጠበች፣ አማተበች፣ አውራውን ድርጭት ራሷ አረደችው።

መረቁ ሲሸት የመንደሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። «ጉድ ነው፣ ሴት አረደች» ብለው መምሬ ላቀውን እየመሩ አመጧቸው።

«እጅሽን ታጥበሽ ነበር?» አሉ መምሬ።

«አዎ አባቴ።»

«አማትበሻል?»

«አማትቤያለሁ።»

«ልጅቷስ?»

ውባንቺ ከመደቧ ቀና ብላ «እማዬ፣ ጨምሪልኝ» አለች።

መምሬ ወደ መረቁ ሽታ ዞሩ። «እንግዲህ ምን ቀረ» አሉ፣ «ለእኔም ቅጂልኝ።»

ውባንቺ ድና በእግሯ ሄደች፣ ጓሮውም በጫጩት ሞላ። ባለቤቱ ያልተገኘው ጋቢ በብርድ ጊዜ የድርጭቶቹ ቤት መሸፈኛ ሆነ። ሸለምጥማጥማ ከዚያ ወዲህ በቀን አይወጣም፣ ድንቄ የእጅ ውሃ ይዛ የምትጠብቀው ይመስለዋል።

እና ልጆች፣ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ሰው አይምሰላችሁ። በእጃችሁ የምትሠሩትን ነገር ደጅ ቆማችሁ ከሰው አትጠብቁ። እኔ ጨርሻለሁ፣ አሁን ሂዱና የዶሮዎቹን ቤት ዝጉ።