የተከፈለው ቃሬዛ

ተጣልተው የኖሩ ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይታችሁ፣ ነገሩ አለቀ ብላችሁ ወደ ቤታችሁ የገባችሁት ስንት ጊዜ ነው?

ይህን የምጠይቀው ትርሲት ስለጠየቀችኝ ነው። ትርሲት የጎረቤቴ ልጅ ናት። እዚህ ባሕር ማዶ ያለነው የአገር ልጆች በፖለቲካ ለሁለት ተከፍለን፣ ለቅሶ መደራረስ እንኳን ካቆምን ቆይተናል፤ እሷ ደግሞ ሊያስታርቁን ከሚሯሯጡት ወጣቶች አንዷ ናት። ባለፈው እሑድ መጥታ፣ «እትዬ፣ ሁለቱም ወገን እሺ ብሏል። አዳራሽ ይዘናል። እርስዎ በዕድሜ ትልቅ ነዎት፤ መጥተው ይቅር ለእግዚአብሔር ካሉ ሌላው ይከተላል» አለችኝ። አልመጣም አልኳት። ቆጣ ብላ፣ «ሰዎቹ ተቃቅፈው ካለቀሱ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለች። ተቀመጪ አልኳትና ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ሀብታምም አይደለም፣ ድሃም አይደለም። ቤቱ በአንድ ተራራ ወገብ ላይ ነበር። ከቤቱ በላይ ያለው ላይ ሰፈር፣ ከቤቱ በታች ያለው ታች ሰፈር ይባላል። እሱ የተወለደው ላይ ሰፈር ነው፤ ሚስቱን ያገባው ከታች ሰፈር። በዚያ ተራራ ከሁለቱም ያልተዛመደ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ሰፈሮች አንድ እድር ነበራቸው። እድሩ ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቃሬዛው ነበር። ወደዚያ ተራራ መኪና አይወጣም። የታመመ ሰውም፣ ምጥ የጠናባት ሴትም፣ ወንዝ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚደርሱት በሰው ትከሻ ነው። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ በገደል አፋፍ ስለሚያልፍ አልጋ አያሳልፍም። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ቃሬዛውን ጠበብ አድርገው ሠሩት፤ ሁለት ረጃጅም የወይራ እንጨት፣ በመካከሉ የበሬ ቆዳ ጠፍር። የተሸከመው ሲደክም ሌላው ይቀበለዋል። እንዲህ ትከሻ እየተቀያየሩ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የአንድ ሰፈር ወንድ አይበቃም፤ የሁለቱም ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ፖለቲካው መጣ። ቀበሌያችሁ ከየትኛው ወረዳ ይሁን የሚል ጥያቄ ከከተማ ወረደ። ላይ ሰፈሮች ከአንዱ ይሁን አሉ፣ ታች ሰፈሮች ከሌላው። አንድ ካድሬ መጥቶ ላዮቹን አስጨበጨባቸው፤ ሌላ ካድሬ መጥቶ ታቾቹን አስጨበጨባቸው። ሁለቱም ካድሬዎች ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ ጠቡ ግን እዚያው ቀረ። ላዮቹ ታቾቹን «ጭቃ ረጋጭ» አሏቸው፤ ታቾቹ ላዮቹን «ነፋስ በላተኛ» አሏቸው። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ መጋባት ቀረ። ከዚያ በአንድ ድንኳን ለቅሶ መቀመጥ ቀረ። በመጨረሻ፣ እድሩን እንካፈል አሉ።

ሽማግሌዎች ተሰየሙ። እዚህ ላይ ልብ በይ፣ ትርሲት፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱም ወገን ቅር እንዳይለው አጥብቀው የሚጠነቀቁ ሰዎች ነበሩ። ድስቱን አካፈሉ፣ ወንበሩን አካፈሉ፣ ድንኳኑን በስፌቱ ላይ ተርትረው አካፈሉ። ቃሬዛው ላይ ሲደርሱ ተቸገሩ። ለላይ ቢሰጡ ታች ይቆጣል፤ ለታች ቢሰጡ ላይ ይቆጣል። ብዙ ከተመካከሩ በኋላ ጠፍሩን ፈቱና እንጨቱን ለላይ ሰፈር፣ ጠፍሩን ለታች ሰፈር ሰጡ። «ቅር የተሰኘ አለ?» ብለው ጠየቁ። አንድም ሰው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ዳኝነት ማለት እንዲህ ነው እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ላዮቹ ማንም የማይተኛበት እንጨት፣ ታቾቹ ማንም የማይሸከመው ጠፍር ይዘው ሄዱ፤ ሁለቱም ድርሻችንን አስከበርን ብለው ኮሩ።

ዓመት ሳይሞላ የገበሬው ሚስት ምጥ ያዛት። ልጁ አልወርድ አለ። በማለዳ አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጣችና፣ «ይሄ ከእኔ አልፏል። ፀሐይ ሳትበረታ ጤና ጣቢያ አድርሷት» አለችው።

ገበሬው ወደ ላይ ሮጠ። እንጨቱ ያለው የላይ ሰፈር የእድር ዳኛ ቤት ነው፤ እኚህ ሰው የገበሬው የክርስትና አባት ናቸው።

«እንጨቱ ያውልህ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፏል» አሉት። «ማን ከለከለህ? ጠፍሩን ይዘው ይምጡና እንግጠመው።»

«አባባ፣ ጊዜ የለም። እኔው ልውሰደውና እዚያው ይገጠም።»

«አንተ ወስደህ? ሚስትህ የማን ልጅ ናት? ታች የወረደ እንጨት ተመልሶ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ ነገ፣ ‹ነፋስ በላተኞቹ እንጨታቸውን ተሸክመው ደጃችን መጡ› ሊሉን ነው።»

«ትሞትብኛለች፣ አባባ።»

«አፍህን በበጎ ክፈት። እኛ እምቢ አላልንም። እምቢ ያለህ ሰው አለ እዚህ?»

ወደ ታች ሮጠ። ጠፍሩ ያለው የሚስቱ አጎት ቤት ነበር። አጎቷ ከሩቅ ሲያዩት ሳቁ።

«ምነው አማች፣ ነፋስ በላተኞቹ ላኩህ?»

«የላከችኝ የወንድምዎ ልጅ ናት። ምጥ ጠንቶባታል።»

አጎቷ ደነገጡ፤ የእውነት ደነገጡ። ገብተው ጠፍሩን ከተሰቀለበት አወረዱ፣ አቧራውን አራገፉ። ከዚያ በእጃቸው እንደያዙት ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«እንጨቱስ?»

«መጀመሪያ ጠፍሩ ይምጣ ይላሉ።»

«አያችሁ?» አሉ አጎቷ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው። «በልጃችን ምጥ እንኳን ሊቀድሙን ይፈልጋሉ። በነሱ እንጨት ሄዳ ብትድን ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩብን ይኖራሉ። አይሆንም። እንጨቱን እኛው እንሠራለን። መጥረቢያ አምጡ።»

ገበሬው ቤቱ ተመልሶ ሚስቱን አዝሎ መንገድ ጀመረ። በጀርባው ላይ መቆየት አልቻለችም፤ ገደሉ ሳይደርስ መለሳት።

ታቾቹ ዛፍ ሊቆርጡ ወጡ። ላዮቹ ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያማ ጠፍር አያቅተንም ብለው በሬ አረዱና ትኩሱን ቆዳ ይተለትሉ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ሰነፎች አልነበሩም፤ እጃቸው እስኪላጥ ሠሩ፣ ሴቶቹም ጠላ እየቀዱ አበረቷቸው። ከላይም ከታችም፣ «ቶሎ በሉ፣ እነዚያ እንዳይቀድሙን» ሲባል ይሰማ ነበር። ቶሎ በሉ፣ ሴትየዋ እንዳትሞት ያለ ግን አልነበረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ቃሬዛ ገበሬው ደጅ ደረሰ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሁለቱም ሙሉ። ሴትየዋ ልጇን በሆዷ እንደያዘች ሞታ ነበር።

አለቀሱ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የእድር ዳኛውና አጎቷ በሬሳዋ አጠገብ ተቃቀፉ፤ ምን ነካን፣ ምን ሆነን ነው ተባባሉ። በአርባዋ በሬ ታርዶ እርቅ ሆነ። ተርትረው የተካፈሉትን ድንኳን ለዕለቱ አጋጥመው ጣሉትና ሁለቱ ሰፈር አንድ ላይ ተቀመጠ። እድሩን ካካፈሉት ሽማግሌዎች ትልቁ መረቁ። ከዚያ ወደ ገበሬው ዞረው፣ «እንግዲህ ዋናው ተበዳይ አንተ ነህ፣ ልጄ። ይቅር ለእግዚአብሔር በል። ሁላችንም ያንተን ቃል ነው የምንጠብቀው» አሉት።

ገበሬው ተነሣ።

«የድሮውን እንጨት አምጡ» አለ። «የድሮውን ጠፍር አምጡ። እዚህ ፊቴ ይገጠም። ከዚያ ከላይም ከታችም ሰው ተደባልቆ፣ አባባ ከፊት፣ አጎቷ ከኋላ ሆነው፣ ባዶውን ቃሬዛ ጤና ጣቢያ አድርሳችሁ መልሱት። ያን ጊዜ ይቅር እላለሁ።»

«ባዶ ቃሬዛ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ማንን ልናሳክም?» ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«የንብረቱ ነገር በሌላ ቀን ይታያል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ የፍቅር ቀን ነው።»

«ደግሞስ አሁን ምን ያሳስባል?» አሉ የእድር ዳኛው። «አንድ ነበረን፣ ሁለት ሆነልን።»

«ሁለቱን ማን ይሸከማቸዋል? እናንተ ብቻችሁን ወንዙን አትሻገሩም። እነሱም ብቻቸውን አይሻገሩም።»

«የቸገረ ዕለትማ እንጠራራለን» አሉ አጎቷ።

«እኔ ያን ዕለት ምን ብዬ ነበር የጠራኋችሁ?»

ገበሬው እህል ሳይቀምስ ወጣ። ያኔ ድንኳኑ ተቆጣ። ይህን ያህል ሰው እያለቀሰ ለመነው፣ ልቡ ድንጋይ ነው፣ ከእርቅ የሚሸሽ ሰው ምን ይባላል፣ ተባለ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ገበሬው ቂመኛ ነው በሚለው። ከዚያ ወዲህ በማጨዳ የሚያግዘው አጣ፤ በመንገድ ሰላም የሚለው አጣ። የአገር ሰላም ያደፈረሰው እሱ ሆነ። እንጨቱ ላይ ሰፈር ግድግዳ ላይ፣ ጠፍሩ ታች ሰፈር ማገር ላይ እንዳሉ ቀሩ።

እንግዲህ ስሚኝ፣ ትርሲት። ከእቅፍና ከእንባ በላይ ምን ይፈለጋል ብለሽኛል። የተወሰደው ነገር መመለስ ይፈለጋል። እነዚያ ሰዎች የጠሉት ሰው ስለነበር አይደለም ሴትየዋን የገደሏት፤ ለብቻው ለምንም የማይረባ ቁራጭ ይዘው፣ ያኛው ወገን ስለሌለው ብቻ ስለኮሩበት ነው። እርቅ ሲሆን ሁሉን ነገር ሰጡ፤ እንባ ሰጡ፣ በሬ ሰጡ፣ ምርቃት ሰጡ። ያን ቁራጭ ግን አልሰጡም።

እኛስ? አንደኛው ወገን የመሰብሰቢያ ቤታችንን ቁልፍ ይዟል። ሌላው የልጆቹን የአማርኛ መጻሕፍት ጋራዡ ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ቤቱ ባዶ ነው፤ መጻሕፍቱን አቧራ ይበላቸዋል፤ ልጆቹ ፊደል ሳይቆጥሩ ቁመታቸው እኔን አልፏል። አንቺ ራስሽ የአባትሽን ደብዳቤ ሰው እያስነበብሽ ነው ያደግሽው። ታዲያ አዳራሽ ምን ያደርጋል? ባለቁልፉ ቁልፉን፣ ባለመጻሕፍቱ መጻሕፍቱን ያምጣ። አንድ መደርደሪያ አንድ ላይ አንሥተው ያቁሙ። ይህን ካደረጉ ማንም ማንንም ማቀፍ የለበትም፤ እየተጠላሉም ቢሆን ልጆቹ ያነባሉ።

ትርሲት ግን፣ «እነሱ እስኪያመጡ ድረስ እርስዎ ይቅር ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል?» አለችኝ።

ስለ ይቅርታ የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ አልኳት። በአገራችን ቋንቋም፣ በሰው አገር ቋንቋም። ሁሉም ይቅር ያለ ሰው ይቀለዋል ይላል። የእኔ መቅለል ለማን ይበጃል? እኔ በቀለለኝ ቁጥር ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ኪሱ ይቀለዋል፤ አሮጊቷ እንኳን ይቅር ብላናለች ይልና ይተኛል። እኔ ደግሞ እንዲተኛ አልፈልግም።

«እንግዲያው ማንን ነው ይቅር የማይሉት?» አለች። «እነዚህን ነው ወይስ እነዚያን?»

ቁልፉን የያዘውን አልኳት። መጻሕፍቱን የቆለፈውን። እኩል አካፈልን ብለው የኮሩትን። አይተን ዝም ያልነውን። አዳራሽ የያዛችሁትንም ጭምር። ማንንም ይቅር አልልም።