አያ ደርበው በቁሙ ያወጣው ተዝካር

ኪ ኪ ኪ ኪ! ቆዩ፣ ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ! ወይ አያ ደርበው! ገና ሳልጀምረው ጎኔን ወጋኝ። አትቸኩሉ፤ ዋናው ከኋላ ነው። እኔ አክስታችሁ ጣፋጯን ለመጨረሻ ነው ያስቀመጥኳት። ተጠጋጉ።

ተረት ተረት!

ጆሮ ሰጠናት!

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ፣ አያ ደርበው የሚባል ባለጠጋ ገበሬ ነበረ። ደግ ሰው ነበረ። ደግነቱን ማን ነገረን? ራሱ ነዋ! ሌላ ማን ይንገረን? ሚስቱ ሞታበታለች። አንዲት ልጅ አለችው፤ ማንጠግቦሽ ትባላለች። እሷም ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ናት።

አያ ደርበው ሦስት መሬት ነበረው። አንዱ ጭንጫ ነው፤ ማረሻ ሲነካው እሳት ይተፋል። አንዱ ረግረግ ነው፤ በሬ ከገባበት አገር ተጠርቶ ካልጎተተው አይወጣም። ሦስተኛው ግን ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቅቤ የጠጣ የመሰለ መሬት! ያንን ዋልካ የያዘችው ማንጠግቦሽ ነበረች። አንድ በሬዋን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ ታሳርሳለች። ከዚያም ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች። አባትየው ደግሞ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ይደክመዋል። ከምርቱ እኩሌታው የእሷ ነው። እሷና ልጆቿ የሚኖሩት በዚያ ነው፣ ሌላ ምንም የላቸውም።

አንድ ክረምት አያ ደርበውን ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለና፦ በቃ ሞትኩ፤ አለ። ሞቱስ ይሁን፤ ያስጨነቀው ስሙ ነው።

፦ ስሜ ሊጠፋ ነው! ስንት ደግነት የሠራሁ ሰው!

ማንጠግቦሽ አጥሚት እያጠጣችው፦ አባባ፣ የትኛው ደግነት ነው? አለችው።

፦ ገና የምሠራው! አላት።

ከዚያም የነፍስ አባቱን መምሬ ላቀውንና ሰባት ሽማግሌ አስጠራና ኑዛዜውን ጀመረ።

፦ ጭንጫውን ለድሆች ሰጥቻለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፦ አያ ደርበው፣ ድሆቹ ድንጋይ ይቆረጥማሉ? አለው።

፦ ለነፍሴ ነው የሰጠሁት፤ ለሆዳቸው መች ሆነ! ረግረጉን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ።

መምሬ ላቀው ጢማቸውን ዳሰሱና፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንቁራሪቶቹንም ጨምረህ ነው? አሉት።

፦ ሁሉንም አባቴ! ምኑን እሰስታለሁ!

እዩልኝ ቸርነት! እንባዬ መጣ እኮ!

፦ ዋልካውስ? አለች ማንጠግቦሽ።

፦ ዋልካው የስሜ ነው። በእህሉ በየዓመቱ ተዝካሬ ይወጣበት። አገር ይብላ፣ ይጠጣ፣ ስሜን ያንሣ። አንቺ ታሳርሻለሽ፣ ታጭጃለሽ፣ ትጠምቂያለሽ።

፦ እኔና ልጆቼስ ምን እንበላለን?

፦ እናንተማ የደርበው ዘር ናችሁ! ክብሩ አይበቃችሁም?

ሰማችሁ? ክብር በወጥ!

ማንጠግቦሽ ወደ ጎተራው ዞር ብላ አየች። አስተያየቷ አላማረውም። እኔ ስቀበር ይቺ ልጅ እህሉን ልትበላው ነው ብሎ ጠረጠረ።

፦ መምሬ፣ ያውግዙልኝ። ተዝካሬ ሳይወጣ፣ ከዘንድሮው ምርት ጀምሮ፣ ከዚህ መሬት እህል አንዲት ፍሬ የቀመሰ ውግዝ ይሁን!

፦ ማንም ቢሆን?

፦ ማንም ቢሆን! ልጄም ብትሆን!

፦ አንተም ብትሆን?

አያ ደርበው እያሳለ ሳቀ።

፦ እኔማ ሬሳ ነኝ! ደርበውም ቢሆን ይበሉ፣ ምን ቸገረኝ!

መምሬም መስቀላቸውን አንሥተው አወገዙ። ሰባቱም ሽማግሌ፦ አሜን! አሉ።

ከዚያም አያ ደርበው ወደ ግድግዳው ዞሮ ሞትን ጠበቀ። ጠበቀ። ጠበቀ። ሞት ሌላ ጉዳይ ገጥሞት መሰለኝ፣ ሳይመጣ ቀረ። ይልቅ ሳሉ ለቀቀው፣ ላብ አላበውና ተነሣ። ሲነሣ ደግሞ ራበው! ከሕመም የተነሣ ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቁታላችሁ። የአምናውን እህል ጎተራው ሥር ድረስ ጠረገው። ኅዳር ሲገባ ለአይጥ እንኳ የሚሆን አልተረፈም።

ማንጠግቦሽስ? ዋልካውን አልተወችውም። አልቅሳም ቢሆን አረመችው። መሬቱ ምን አጠፋ? በዚያ ዓመት ደግሞ ጤፉ ሰው ይደብቃል! አጨደችው፣ ወቃችው፣ ጎተራውን እስከ አፉ ሞላችው። አያ ደርበው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጎተራውን ያያል። ይሸተዋል። ምራቁን ይውጣል። አይነካውም፤ ውግዘት ነው እኮ! ያውም በገዛ አፉ የለመነው!

ማንጠግቦሽ ለሰው ጥጥ እየፈተለች ባገኘችው ሽምብራ ልጆቿን ታበላለች። ለአባቷም እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች።

፦ ቆሎ ብቻ? አላት።

፦ ክብሩን ጨምረው ይቆርጥሙት አባባ።

ጎሽ የኔ ልጅ!

በሦስተኛው ሳምንት አያ ደርበው ቀበቶውን አጥብቆ ወደ መምሬ ላቀው ሮጠ።

፦ አባቴ፣ ውግዘቱን ያንሡልኝ!

፦ አስወጋዡ አንተ፣ አሜን ባዩ ሰባት ሽማግሌ፤ እኔ ብቻዬን እንዴት አነሣዋለሁ? ተዝካሬ ሳይወጣ አላልክም?

፦ ታዲያ በቁሜ ላውጣው! በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ሰው ሞልቷል!

፦ ሞልቷል። ማን ይደግስልሃል?

፦ እኔው!

መምሬ ሳቁ።

፦ ለራስህ ነፍስ፣ በራስህ እህል፣ ራስህ ደግሰህ፣ ራስህ ልትበላ? ይኼማ እራት ነው እንጂ ተዝካር አይደለም! ተዝካር የሚያወጣ ወራሽ ነው። ወራሽ ካለህ ይደግስ፤ ድግሱ ካለፈ ውግዘቱም አለፈ፣ የተረፈው እህል የወራሹ ነው።

አያ ደርበው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማንጠግቦሽ እንዝርቷን ታሾራለች።

፦ ልጄ፣ ማንጠግቦሽዬ፣ ተዝካሬን ደግሽልኝ።

፦ ገና አልሞቱም እኮ አባባ።

፦ እየሞትኩ ነው፣ በረሃብ!

፦ በምኔ ልደግስ? መሬት የለኝ፣ እህል የለኝ።

፦ ዋልካው አለ አይደል?

፦ ዋልካው የስምዎ ነው። ስምዎ ይደግስ።

ኪ ኪ ኪ! አፏን ይባርከውና! አያ ደርበው ተቆጣ። ዱላውን አነሣ፣ ዱላው ከበደው፣ መልሶ አስቀመጠው። አንድ ቀን አኮረፈ። ሁለት ቀን አኮረፈ። ባዶ ሆድ ይዞ ማኩረፍ ግን ስንት ቀን ያስኬዳል? በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹን መልሶ ጠራቸው።

፦ ዋልካውን ለልጄ ለማንጠግቦሽ ሰጥቻለሁ። በዓመት አንድ ቀን ተዝካሬን ታውጣ፤ የቀረው የእሷና የልጆቿ ነው።

፦ ምን አግኝቶህ ሰጠሃት? አለው አንደኛው ሽማግሌ።

፦ የአባት ፍቅር! አለ። ወዲያው ሆዱ ጮኸ። ሁሉም ሰማው።

ማንጠግቦሽ ወጥታ ሄደች። ሲከተሏት ዋልካው መሃል ተንበርክካ አፈሩን ስትስም አገኟት። ከዚያም አቧራዋን አራግፋ ተነሣችና ጌሾ መውቀጥ ጀመረች።

ድግሱ ደረሰ። ዳስ ተጣለ። አገሩ መጣ፣ ከማዶ ከቆላው እንኳ ሳይቀር ድሃ ሁሉ መጣ። አያ ደርበው ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ዳሱ ገባ።

፦ የኔ ቦታ የት ነው? አለ።

የምታስተናግደው ጎረቤቲቱ ግራ ቀኝ አየችና፦ ቄሶቹ እዚህ ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ እዚያ ናቸው፣ ድሆቹ አጥር ሥር ናቸው። ለሟች ግን ያሰናዳነው መቀመጫ የለም አያ ደርበው። ሟች መጥቶ አያውቅማ! አለችው።

እናም አጥር ሥር፣ ከድሆቹ ጋር ተቀመጠ። ከጎኑ ከቆላ የመጣ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበረ። እንጀራው መጣ፣ ጠላው መጣ። አያ ደርበው በሁለት እጁ ጎረሰ። ጠግቦ ቀና ሲል ደግሞ ስሙ ትዝ አለው። ጆሮውን አቆመ። በዳሱ ውስጥ የሚሰማው ግን፦ ማንጠግቦሽ እጅሽ ይባረክ! ማንጠግቦሽ ልጆችሽ ይደጉልሽ! ብቻ ነው። አልቻለም። ዓይነ ስውሩን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

፦ አንተ ወንድሜ፣ ይኼ የማን ተዝካር እንደሆነ ታውቃለህ? የአያ ደርበው ነው! የደጉ የደርበው! መቼም ስሙን ሳትሰማ አትቀርም?

ሰውየው ምን ብሎ መለሰ? አሃ! አሁን የኔ ተራ ነው! ተረቱ ለጆሯችሁ፣ ንፍሮው ለአፌ! ያንን ሣህን ወዲህ በሉ እንጂ፤ አክስታችሁ በባዶ ሆዷ አትጨርስም። ... እህ፣ እንዲህ ነው እንጂ። ጨው አንሶታል፤ ይሁን።

ዓይነ ስውሩ ጉርሻውን ዋጠና እንዲህ አለው፦

፦ ደርበው? እንጃ ወንድሜ። እኔን መንገድ የመሩኝ የማንጠግቦሽ ዋልካ ጋ ብለው ነው። ይልቅ ብላ፤ ለማናውቀው ሬሳ ብለን ወጡ ይቀዝቅዝ?