ውሃ የማትጠግበው የይመር መኪና

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰው የልቡን ትቶ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ሽማግሌዎች የሚናገሯት አንዲት አባባል አለች። እኔም ስሰማት ኖሬ የመጣችበትን ነገር ያወቅሁት ይመርን ከሚያውቁት ሰዎች ነው።

ይመር ከአፋር ቆላ ጨው እየጫነ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚያወጣ ሹፌር ነበር። መኪናው በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማታንስ አሮጌ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካና ከፊት በኩል እንፋሎት ይወጣ ጀመር። ዳር ይዞ አቆመና መንገድ ዳር ካለች ቤት ውሃ ለመነ። ጀሪካን ይዛ የወጣችው መዲና ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአጎቷ ከአባ ሙሄ ጋር የምትኖር ሴት።

ይመር እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል፣ “ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ፊትህን ይልጥሃል። መጀመሪያ ይብረድ” አለችው።

እስኪበርድ ተቀምጠው ተጨዋወቱ። ስለ ቆላው ሐሩር ጠየቀችው፤ ስለ ሟች ባሏም ጥቂት ነገረችው። ይመር ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ፣ ቤት የሚጠብቀው ሰው የሌለው ነበር። ውሃውን ሞልቶ ሲሄድ ቤቷ እስክትሰወር ድረስ በጎን መስታወት እያያት ሄደ።

ኮምቦልቻ ሲደርስ መካኒኩ ጋሽ ተካልኝ መኪናዋን አየለት። የራዲያተሩን ጎማ ዳበሰ፤ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ውጥረቱን ለካ፤ ሞተሩን አስነሥቶም ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ።

“ቺንጋው አልላላም፤ ራዲያተሩም አልተደፈነም። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ነው የሚያፈሰው፤ ይኸው ጠብ ጠብ ሲል። ትተሃት ሂድ፣ እቀይርልሃለሁ።”

“ግዴለም ጋሽ ተካልኝ፤ ለጊዜው ውሃ እየጨመርኩ እሄዳለሁ።”

“ደጋግማ ከፈላች ቴስታታውን ታጣምመዋለች። የሞተሩ ራስ ከተጣመመ ደግሞ ውሃ አያድንህም።”

ይመር አላሠራትም። ከተሠራች መዲና ደጅ በምን ሰበብ ይቆማል?

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በየምልልሱ ፈላች፤ እሱም በየምልልሱ ውሃ ለመነ። ቆላ ወርዶ ጨው ሲያስጭን ልቡ ዳገቱ ላይ ነው። የሚነግራትን እያጠና ይወጣል፤ ጀሪካኗን ይዛ ብቅ ስትል ግን ስለ ሞተር ያወራል።

አንድ ቀን መዲና ትኩር ብላ አየችውና፣ “ይቺን መኪና ለምን አታሠራትም?” አለችው።

“ውሃ እስካለ ድረስ ምን ቸገረኝ” አላት።

መዲና ሌላ ቃል ትጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ባዶውን ጀሪካን አንሥታ ገባች።

በሚቀጥለው ጉዞ መኪናዋ ከወትሮው ቀድማ፣ ገና ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፈላች። ይመር ማቆም እንዳለበት ያውቃል። እዚያ አቁሞ ካበረዳት ግን መዲና ደጅ ሲደርስ የሚቆምበት ምክንያት አይኖረውም። መርፌው ቀዩ ላይ እንደተኛ ነዳት። ቤቷ ከታየው በኋላ ሞተሩ አንኳኳ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። መዲና ደግሞ ያን ቀን ገበያ ሄዳለች። በሌላ መኪና እስኪጎተት ዓይኑን ከመንገዱ ባይነቅልም፣ ሳያያት ሄደ።

ጋሽ ተካልኝ ቴስታታውን አውርዶ አሳየው። ተጣምሟል። እሱ ተስተካክሎ፣ ፓምፑም ተፈልጎ እስኪገኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ይመር ጋራዡ በር ላይ እየተቀመጠ ወደ ባቲ የሚወርዱትን መኪኖች በዓይኑ ይሸኛል። በአውቶቡስ ሄጄ ልያት ብሎ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ “ምን ፈልገህ መጣህ?” ብትለኝ ምን እላለሁ እያለ መልሶ ይቀመጣል።

መስከረም ሲጠባ መኪናዋ ተነሣች። ወደ ቆላ ሲወርድ የመዲና ደጅ ዝግ ነበር፤ ስመለስ እነግራታለሁ ብሎ አለፈ። ጨዉን ጭኖ ሲመለስ መርፌው መሐል ላይ እንደቆመ ዳገቱን ወጣ፤ ሞተሩ ሳይፈላም ደጇ ላይ አቆመ። አባ ሙሄ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደጃፍ ተቀምጠዋል።

“መዲና የለችም እንዴ፣ አባቴ?”

“ለሐይቅ ሰው ተዳረች፣ ልጄ” አሉ አባ ሙሄ። “ክረምቱን የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ብቅ ስትል ነበር የከረመችው። በኋላ ሰውየው መጥቶ እፊቴ ተቀመጠና፣ እሷን ፈልጌ ነው አለኝ። አሰበች፣ አሰበችና እሺ አለች።”

“ስለ እኔ ያለችው ነገር የለም?”

“እኔማ ጠይቄያት ነበር። ‘ይመር የሚፈልገው ውሃ ነው’ አለችኝ።”

ይመር በቀጭን ድምፅ፣ “ትንሽ ውሃ ይኖርዎታል?” አለ።

አባ ሙሄ መኪናዋን አዩ፤ እንፋሎት የላትም። ገብተው በጣሳ ውሃ አምጥተው ሰጡት። እሱ ጣሳውን ይዞ፣ ሳይጠጣ፣ ወደ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ሲያይ፣ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ በማድረግ፣ “ልቡ ሰው ተጠምቶ፣ አፉ ውሃ ለመነ” አሉ።