የዳይሬክተሩ ክንድ

ለአንድ ሆስፒታል ሠራተኞች የጉንፋን ክትባት መጣ። ዳይሬክተሩ ዶክተር ልዑልሰገድ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው፣ «ከነገ ጀምሮ ያልተከተበ ሰው በሽተኛ አጠገብ ድርሽ እንዳይል» ብለው አስጠነቀቁና ወደ በሩ አመሩ።

በምላሷ የምትታወቅ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «ጌታዬ፣ እርስዎስ አይከተቡም?» አለቻቸው።

ዶክተሩ መርፌ ይፈሩ ነበር፤ ግን ይህን በሠራተኛ ፊት እንዴት ይናገሩት? «እኔ በሽተኛ አልነካም፤ ከቢሮዬም አልወጣም» አሉ።

«ቢሆንም ጌታዬ፣ ጉንፋኑ እዚያም አይቀርልዎትም።»

ዶክተሩ ተቆጡ። «እኔ ቢሮ ማን ያስገባዋል? እስቲ አስረጂኝ። ካልቻልሽ ለድፍረትሽ ከሥራ ትታገጃለሽ።»

ክትባቱን የምትሰጠው ነርስም መርፌውን እንደያዘች ቀረች።

ሴትየዋ ግን ረጋ ብላ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎን ለማግኘት ደጅ የምንጠናው እኛ ሰዎቹ ነን። ጉንፋንማ ጸሐፊዎ ስታስነጥስ ሳያንኳኳ ይገባል» አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ጸሐፊዋ ነበረች። ዶክተሩም ሳቃቸውን መደበቅ ሲያቅታቸው ኮታቸውን አወለቁና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዳቸውን ለነርሷ ሰጡ።