የእማማ ኤሊ ሰላምታ

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ እመት አህያ አንዲት ውርንጭላዋን ይዛ ትኖር ነበር። ሣር ፍለጋ ስትወጣ በሩን ትዘጋና፣ ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን ስም ካልሰማሽ ለማንም እንዳትከፍቺ ትላታለች።

ችግሩ አያ ጅቦና ወንድሞቹ ናቸው። ቀበሮ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያወጡትን ሁለት መቶ ስም አስጠንቷቸው፣ በጠራራ ፀሐይ ከበር በር እየዞሩ ያንኑ ይደረድራሉ። አንዱ ስም አልሠራ ሲል ሌላ፣ እሱም አልሠራ ሲል ሌላ። ማሰብ የለ፣ ማፈር የለ! ባለፈው ሳምንት የበጊት ግልገል የለመደችውን ስም ሰምታ ከፈተች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።

እመት አህያ ደሟ ፈላ። ዳኛው አያ አንበሶ ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። እሱ እያዛጋ፣ ስም መጥራት ወንጀል አይደለም፣ በሩ ሲሰበር ተመለሺ አላት። ሲሰበር! ልጄ ከተበላች በኋላ ማለቱ እኮ ነው፣ እያለች ስትብከነከን እማማ ኤሊን መንገድ ላይ አገኘቻት።

እማማ ኤሊ ሰላምታ ከጀመረች ማብቂያ የላትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። በዚያ አገር ሰላምታ አቋርጦ መሄድም ሆነ ጉዳይ ማንሳት ትልቅ ነውር ነውና። አህያ እዚያው ቆማ አሰበች። በማግስቱ የቤቷን በር ወደ ጓሮ አዞረች፤ ከፊት ለፊት ባዶ ጎጆ ሠርታ እማማ ኤሊን አስቀመጠችበት።

አያ ጅቦ መጥቶ አንኳኳ።

«እንዴት... ዋልክ?» አለች ኤሊ ከውስጥ፣ በየቃሉ መሀል እያረፈች።

«ደህና። እኔ...»

«እናትህስ... ደህና ናቸው?»

እናቱ ሲያልቁ አጎቱ መጡ፤ አጎቱ ሲያልቁ የአጎቱ ከብቶች። ጅቦ ስሞቹን ሊደረድር አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ ዘመድ ይጠየቃል። ወንድሞቹም መጥተው ከኋላው ተሰለፉ።

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ መጣና፣ ቤቱ ከኤሊ በቀር ባዶ ነው፣ ተነሡ አላቸው።

«ዝም በል፤ ልትጨርስ ነው» አለው ጅቦ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ።

እመት አህያ ልጇን አስከትላ ወደ ወንዝ ስትወርድ አየቻቸው። የበጊት ግልገል ትዝ አለቻትና ንዴቷ ተመለሰ።

«የእኛን ልጆች ስትበሉ ኖራችሁ፤ እስቲ ደግሞ የእናንተ ቀን ይበላ» አለች።

ጅቦ ድምፅ ሰምቶ ዞር ሊል ሲል፣ «የአጎትህ... በቅሎስ?» አለች ኤሊ። ጅቦም ወደ ባዶው ቤት ፊቱን መለሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳያስብና ሳያፍር በር ሁሉ የሚደበድብን ሌባ ዳኛ ካላስቆመው፣ ጊዜውን በባዶ ደጅ ማስፈጀት እንደሚያስቆመው ነው።