ዳንቴል የለበሱት ኮምፒውተሮች

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የኮምፒውተሮቹ ሃርድ ዲስክ በየጊዜው እየተበላሸ አስቸገረ። የገበሬው ማሳ ሁሉ ተመዝግቦ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት ባለጉዳዩ «ፋይልህ የለም» ተብሎ ይመለሳል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደርበው መረራቸውና፣ ከዚህ ጣጣ የሚገላግለኝን የኮምፒውተር ክፍሉ አለቃ አደርገዋለሁ አሉ። በክፍሉ ያሉት ባለሙያዎች ሦስት ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱ ሲመሰገን ሌሎቹን ምሳቸው አልወርድ ይላቸው ጀመር።

ከሦስቱ አንለይ ቀደመ። ዲስክ በሞተ ቁጥር ከላዩ ላይ ሳይነሳ ይውልና ፋይሉን መንጭቆ ያወጣዋል። ቢሮው በሙሉ ያጨበጭብለታል። ታዲያ የሚሠራው ጀርባውን አዙሮ ነው፤ ሁለቱ አይተው እንዳይማሩት።

ይህ ጭብጨባ ሁለተኛውን ባለሙያ፣ ይርሳውን፣ አንገበገበው። ሥራ ሲያልቅ፣ ከመውጣቱ በፊት፣ የሁሉንም ኮምፒውተር ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያዘ። አንድ ቀን የመዝገብ ቤቱ ዲስክ ጨርሶ ሞተ፤ አንለይ ታግሎ ታግሎ አቃተው። የወረዳው መሬት ሁሉ ጠፋ ተብሎ ሰው ሲተራመስ፣ ይርሳው ቅጂውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እንዴት አሰብክበት ሲሉት አልዋሸም።

«ለእናንተ ብዬ አይደለም። ለአንለይ ዳግመኛ እንዳይጨበጨብለት ነው» አለ።

ሦስተኛዋ ስመኝ በሁለቱም ቀናች። እነሱ ከሞተው ዲስክ ጋር ሲታገሉ፣ እሷ ምን እንደሚገድለው ስትፈልግ ከረመች። ጸሐፊዋ ወይዘሮ አንጓች አቧራ እንዳይገባበት ብለው ለየኮምፒውተሩ ሳጥን በገዛ እጃቸው ዳንቴል ሠርተው አልብሰውታል። ማሽኑ በርቶ ሲሠራ እንኳ ማንም አያወልቀውም፤ እሳቸውን ማስቀየም ነውር ነዋ። ሳጥኑ አየር አጥቶ ሲግል ይውላል፣ ዲስኩም በሙቀት ይሞታል። የመዝገብ ቤቱ ዲስክ ከሞተ በኋላ፣ ስመኝ አንድ ጠዋት ዳንቴሉን ሁሉ ገፈፈችው። ወይዘሮ አንጓች አለቀሱ፤ እስካሁንም ሰላም አይሏትም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ዲስክ አልሞተም።

አቶ ደርበው ይህን መቼ እንደደረሰችበት ጠየቋት። የመዝገብ ቤቱ ዲስክ ከመሞቱ በፊት መሆኑን አመነች።

«አንለይን ሲያቅተው ማየት ፈልጌ ዝም አልኩ» አለች።

እኔ ብጠየቅ ሦስቱንም እቆጣ ነበር። ግን ያለ እነሱ ያ ቢሮ ባዶ ነው፤ የአለቃነቱ ወንበርም አንድ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሌሎቹን ሁለት ቀናተኞች ያዛል፣ የራሱንም ቅናት ይዞ ይገባል። አቶ ደርበው እስካሁን አልወሰኑም።

እስቲ ፍረዱ፦ የእናንተ የመሬት ፋይል እዚያ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ወንበሩ ለማን ይገባል ትሉ ነበር?