ገፍቶ የቀረው ሰው

«ባሕር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ የኔታ ክንፉ።

ጠያቂያቸው ደምለው የሚባል የመንደር ጭቃ ሹም ነበር። ለዘመቻ ሰው አምጣ ሲባል የማን ልጅ እንደሚሄድ ከየቤቱ የመረጠው እሱ ነው። ከሄዱት አንዳንዶቹ አልተመለሱም። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ ሲለው ፊደል ወዳስቆጠሩት መምህር ዘንድ መጣና፣ «የኔታ፣ ሌላውን ልኮ ራሱ የቀረ ሰው እፎይ የሚለው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታ እግሩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ይህን ነገሩት።

ሰውየው የሚኖረው ጠረፍ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ ያለ ጠላት በየዓመቱ እየተሻገረ የጠረፉን መንደር ያቃጥላል፣ ሰው ማርኮ ይመለሳል። የአገሩ ንጉሥ ይህ ሲያንገሸግሸው፣ በዚህኛው ዓመት ተሻጋሪው እኔ ነኝ አለ። ማለት ቀላል ነው። ሠራዊቱ የደጋ ሰው ነው፤ ከወንዝ በቀር ውኃ አያውቅም። ስለዚህ ባሕር አዋቂውን አስጠርቶ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከነበቅሎው፣ ከነስንቁ የሚሻገርበትን መላ ፈልግልኝ አለው። አጥብቆ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነው። የምንነሣበትን ቀንና የምንወርድበትን ዳር ከእኔና ከአንተ በቀር ማንም እንዳይሰማ።

ሰውየው ሥራውን ያዘ። ዓሣ የሚያጠምድ መስሎ፣ በገመድ ጫፍ ድንጋይ እያሰረ የባሕሩን ጥልቀት ለካ። ሁልጊዜ ባዶ እጁን ስለሚመለስ የመንደሩ መሳቂያ ሆነ። በቅሎዎቹን በግንድ ላይ በተዘረጋ ሳንቃ እያቆመ ያወዛውዛቸው ነበር፤ ጀልባ ላይ እንዳይደነግጡ ነው። ወታደሮቹን ደግሞ ደጋ ካለ ሐይቅ ወስዶ፣ ጋሻቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ከውኃ ወደ መሬት ሲሮጡ አዋላቸው። ለምን እንደሆነ ስላልነገራቸው አበደ አሉት። በሰሜን በኩል ካለው ወደብ ባዶ ድንኳን አስተክሎ ጭስ አስጨሰ፤ የጠላት ሰላይ ዓይኑን እዚያ ላይ እንዲጥል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ብቻውን ነበር። ሚስቱ የት ዋልክ ስትለው ወሬ ይለውጣል። ሌላ ሴት ይዟል ብላ አኮረፈች፤ ጎረቤትም እውነቷን ነው አለ። እሱስ ባልከፋ። የከፋው የታናሽ ወንድሙ ነገር ነው። ሁለቱ ወላጆቻቸው ከሞቱ ጀምሮ ከአንድ ገበታ እየበሉ ያደጉ ናቸው። ታናሽየው ቀዛፊ ነበር። ወንድሙ የደበቀው ነገር እንዳለ ገባው፤ ጠየቀ፤ ሲዘጋበት፣ ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠም። ሰውየው አንድ ተስፋ ብቻ ነበረው። ቀኑ ሲደርስ በወንድሙ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ፣ ነገሩን ከሥሩ ሊነግረው። ባሕር ዳር ብቻውን ሲሆን የሚለውን ቃል ጮክ እያለ ይለማመደው ነበር።

እንግዲህ የዚያ ጠረፍ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ወደሚፈራ ውኃ የሚሄድ ጀልባ ገፊ ሳይኖረው አይወጣም። ገፊው እናት ትሆናለች፣ ሚስት ትሆናለች፣ ሽማግሌ አባት ይሆናል። እስከ ወገቡ ገብቶ የጀልባዋን ኋላ በመዳፉ ገፍቶ ይለቃታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያቺ ጀልባ እስክትመለስ፣ ወይም ከስብርባሪዋ አንድ እንጨት እስኪያገኝ ድረስ ከጣራ ሥር አያድርም፤ ከዳሩም አይርቅም። ባሕር ላይ ክንዱ የዛለ ቀዛፊ መቅዘፊያውን የማይለቀው፣ ለእኔ ብሎ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው አለ እያለ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሰውየው አስቀድሞ፣ በሽታ ገብቷል አሰኝቶ፣ ሴቱን፣ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ከጠረፉ አርቆ ነበር፤ ወሬ እንዳይወጣ። ንጋት ላይ የየብሱ ነፋስ ወደ ባሕር መንፈስ ጀመረ። በቅሎው ገባ፣ በሶው ተጫነ፣ የውኃው አቁማዳ ሞላ። ሰውየው ሄዶ ከወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ። ወንድሙ ቀና ብሎ አላየውም፤ ግን ፈቀቅ አለለት። ሰውየው አፉን ሊከፍት ሲል ግን ቀዛፊዎቹ በሙሉ መቅዘፊያቸውን አስቀመጡ።

ገፊ የለም።

ጠረፍ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይዘነጋል ትለኝ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ገመዱን አልረሳም፣ ውኃውን አልረሳም። ግን ለብቻው ብዙ ስለኖረ፣ ሰው ሰውን እንደሚጠብቅ ጠፋበት።

የጦሩ አዛዥ ተቆጣ፤ ወታደሮቼ ይግፉ አለ። ቀዛፊዎቹ ገፍቶ የሚሳፈር ገፊ አይባልም አሉት። ጥቂቶቹን ላስቀርላችሁ ቢላቸውም፣ የደጋ ሰው ከዓይናችን ስንርቅ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ይተኛል ብለው እምቢ አሉ። ፀሐይዋ ልትወጣ ነው። ፀሐይ ከሞቀ ነፋሱ ይሞታል። ዛሬ ካልሄዱ ደግሞ የሰሜኑ ድንኳን ባዶነት ይታወቅና፣ ነገ ማዶ የሚደርሰው ሠራዊት በተሳለ ጎራዴ ላይ ይወርዳል።

ሰውየው ተነሥቶ ከጀልባዋ ወረደ። ውኃው ውስጥ ቆመ። ቀዛፊዎቹ እሱን ያውቁታል፤ ዓሣ መያዝ ባይችልም የጠረፍ ልጅ ነው፤ ገፍቶ እንደማይሄድ ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ ከእኛ ጋር የምትሄድ መስሎኝ» አለ ወንድሙ። ከተኳረፉ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ለእኔም መስሎኝ ነበር» አለውና መዳፉን ከጀልባዋ ኋላ ላይ አሳረፈ።

የወንድሙን ገፋ። ቀጥሎ ያለችውን ገፋ። የንጉሡንም ገፋ። እጁ እስኪላጥ ድረስ ሁሉንም፣ አንድ በአንድ፣ እሱ ብቻውን ገፋ። የመጨረሻዋ ሸራ ከዓይኑ ስትጠፋ ዞር ብሎ ቢያይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የቆመበት አሸዋ ላይ የቀረው የበቅሎ ፋንድያና አንድ የተረሳ ጫማ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስብ ኖሮ አሁን የሚያስበው አልነበረም። የሚያዝዘውም ሰው አልነበረም። ተቀምጦ ውኃውን ማየት ጀመረ።

ንጉሡ ድል አደረገ። ጠላት ያልጠበቀው ዳር ላይ ወርደው፣ ፊቱን ወደ ሰሜን እንዳዞረ ደረሱበት። ጀልባዎቹ መመለስ ጀመሩ። ሰውየው እያንዳንዷን ኋላዋን እየነካ ተቀበለ። ንጉሡ ካባ አለበሰው፤ ዕቅድህ ሰምሯል፣ የሞተው ሰው ከፈራነው ያነሰ ነው፣ ና ግብር እንብላ አለው። ሰውየው የገፋኋቸው ገና ተመልሰው አላለቁም አለ። ንጉሡ ነገሩ አልገባውም፤ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ከተማ ወጣ።

የወንድሙ ጀልባ አልመጣችም። ሌሎችም ያልመጡ ነበሩ።

ከጠረፉ ርቀው የነበሩት ሴቶች ወሬውን ሰምተው ወደ ዳሩ ወረዱ። አንዲት አሮጊት፣ ልጇ ከቀሩት ቀዛፊዎች አንዱ ነው፣ ሰውየው ፊት ቆመች። «ልጄን መግፋት የእኔ ነበር» አለችው። እውነቷን ነው። ሰውየው አልሸሸም። ካባውን አውልቆ አሸዋው ላይ አነጠፈላት። ብዙ ቆማ ቆማ ተቀመጠች። ሌሎቹም መጡ። ሚስቱም መጣች። ለወንድሙ ሲለማመደው የኖረውን ቃል ያን ጊዜ ነገራት፤ ሴቶቹም ሰሙ፤ እሱም እያለቀሰ ነገረ። ከወንድሙ ጀልባ አንድ እንጨት እንኳ አልተገኘም። ሰውየው ከዚያ ዳር አልተነሣም። እናት ለሌለው፣ ሚስት ለሌለው ቀዛፊ ሁሉ ገፊ ሆኖ እዚያው አረጀ።

የኔታ ይህን ብለው ወደ ደምለው ዞሩ።

«እፎይ የሚለው መቼ ነው አልከኝ። አይልም ልጄ። የገፋ ሰው ቦታው ዳሩ ነው። አንተም ገፊ ነህ፤ ልጆቹን መርጠህ የላክህ አንተ ነህ፤ ስሕተት ነው አላልኩህም። ግን ገፍተህ ስታበቃ ጣራህ ሥር ገባህ። እግርህ ላይ የወንዝ ጭቃ አየሁ። ከቤትህ እስከ እኔ ደረቅ መንገድ አለ፤ በአንጓች ደጅ የሚያልፈው። ልጇ አልተመለሰምና እሷን ላለማየት ስትል ጭቃ ለጭቃ መጣህ። ያስጨነቀህ ማዘዝህ አይደለም፤ ይህ መንገድ ነው። በል ተነሥ፤ በላይኛው፣ በደረቁ መንገድ ተመለስ። እዚያ ስትደርስ ምክንያት አታብዛ፤ ግባና ተቀመጥ። ምናልባት ከመደቡ ፈቀቅ ትልልህ ይሆናል። ባትልህም መሬቱ አለ።»